መዝገቡን ማን ያየዋል?

ጅጋ ላይ ገበሬው «ጠመንጃዬን አላስመዘግብም» ሲል ከተሜው «ኋላ ቀር» ይለዋል። የእኔ እንጀራ ዳታቤዝ መሥራት ነው፤ ገበሬው የሚጠይቀው ግን የሙያዬን የመጀመሪያ ጥያቄ ነው፦ መዝገቡን ማን ያየዋል?

በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሳ የጠመንጃ ምዝገባም ከቅሬታዎቹ አንዱ ነበር። ፓርቲ የለ፣ ጽሕፈት ቤት የለ፤ ገበሬ ከገበሬ ተማምሎ ቆመ። መንግሥት በአውሮፕላን ደበደበ፤ ኋላ ግን ጠቅላይ ገዥውን አነሳ፣ ውዝፍ ግብሩንም ማረ። ይህ ትምህርት ከአባት ወደ ልጅ ወርዷል።

የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012፣ ሲመጣም የተነበበው በዚሁ ትዝታ ነው። በ2015 ደግሞ ልዩ ኃይሉ ይፍረስ ተባለ፤ ክልሉ በተቃውሞ ተናጠ፤ ወራት ሳይቆይ ጦርነት ሆነ።

ጠመንጃ አላመልክም። ለሠርግ የተተኮሰ ጥይት ሰው ይጥላል፤ በወሰን ጠብ ጎረቤት ጎረቤቱን ይገድላል። ቁጥጥር ያስፈልጋል። ግን ምዝገባ ውል ነው፦ እኔ ስሜን ልሰጥ፣ አንተ ሌሊት ደጄን ላትሰብር። ዝርዝሩ ለአሰሳ ቢውል ዳኛ ፊት የሚጠየቅ ሰው ይኑር። እሱ በሌለበት ገበሬውን አላዋቂ አትበሉት። ሲስተሙን ከምንሠራው ሰዎች ይልቅ ለእሱ ገብቶታል።