ከፍ ብሎ ለመዝለል ብረት ማንሳት ግድ ነውን?

በመረብ ኳስና በቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ዘንድ ዘወትር የሚነሣ ክርክር አለ። ይኸውም ከባድ ብረትን ከወለል አፈፍ አድርጎ በቅጽበት እስከ ትከሻ ወይም ከራስ በላይ ማንሳት ሽቅብ የመዝለል ችሎታን ያሻሽላል ወይስ አያሻሽልም የሚል ነው። አንዱ ወገን ያለ ብረት ዝላይ የለም ሲል፣ ሌላው ብረት ሰውነትን ያከብዳል እንጂ ለዝላይ አይበጅም ይላል። በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር፣ ማለትም ጊዜን፣ ዘንግተውታል ባይ ነኝ።

ጉዳዩን በስሌት እንመልከተው። እግራችን መሬትን ከለቀቀ በኋላ ምን ያህል ከፍ እንደምንል የሚወስነው በዚያች ቅጽበት የነበረን ፍጥነት ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ለመዝለል በሰከንድ 2.8 ሜትር ፍጥነት ያስፈልጋል። መጠነ ቁሱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ይህን ፍጥነት በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ለማግኘት፣ በኒውተን ሁለተኛ ሕግ መሠረት፣ የራሱን ክብደት ከመሸከም አልፎ በአማካይ በ560 ኒውተን ተጨማሪ ኃይል መሬቱን መግፋት አለበት። ይህም በድምሩ የክብደቱን እጥፍ ያህላል። ጡንቻ ግን ሙሉ ኃይሉን ለማውጣት ከዚህ የበለጠ ጊዜ ሊወስድበት ይችላል። በዝግታ የሚመጣ ብርታት እንግዲህ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው።

ፈጣን ልምምዶች የሚጠቅሙት ነርቭና ጡንቻ ኃይልን ቶሎ እንዲያወጡ ስለሚያለማምዱ ነው። ብረት ያከብዳል የሚለው ስጋትም እውነት የሚሆነው መጠነ ቁስ ከኃይል ይበልጥ ሲጨምር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ብረት ብቸኛው መንገድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሶቪየት ኅብረቱ ዩሪ ቬርኮሻንስኪ ከከፍታ ወርዶ ወዲያውኑ ሽቅብ የመዝለልን ልምምድ አስፋፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ጎራን ማርኮቪች 26 ጥናቶችን አጠቃልሎ ባቀረበው ጽሑፍ፣ እንዲህ ያሉ የዝላይ ልምምዶች ጉልበትን ሸብረክ አድርጎ የሚዘለለውን ዝላይ በአማካይ 8.7 በመቶ እንደሚያሻሽሉ አሳይቷል። 40 ሳንቲ ሜትር ለሚዘል ሰው ይህ 3.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ብረት ማንሳትንና የዝላይ ልምምድን ያነጻጸሩ ጥናቶች ሲጠቃለሉም በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም።

በመሆኑም «መሣሪያ ስለሌለን ተበለጥን» የሚለው ምክንያት ሚዛን አይደፋም። ይልቁንም አነሳሱን በወጉ ያልተማረ ወጣት ከባድ ብረት እንዲያፈፍ ማድረግ ወገቡን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። አሠልጣኞቻችን በወሬ ከመመራት መለካትን ቢያስቀድሙ እመርጣለሁ። መለኪያውም በእጃቸው ነው፤ ዝላዩን በሞባይል ስልክ ቀርጾ በአየር ላይ የተቆየበትን ጊዜ በሰከንድ ማወቅ፣ ጊዜውን በራሱ ማባዛት፣ ውጤቱን ደግሞ በ1.23 ማባዛት ከፍታውን በሜትር ይሰጣል። 0.6 ሰከንድ በአየር ላይ የቆየና እግሩን ዘርግቶ ያረፈ ተጫዋች 44 ሳንቲ ሜትር ያህል ዘልሏል ማለት ነው። ከልምምዱ በፊትና ከሁለት ወር በኋላ ይለካ፤ ክርክሩን ቁጥሩ ይፍረደው።