ለጀማሪው ግማሹን ብቻ አትንገሩት

ለንደን፣ ሴንት ጄምስ ጎዳና ቁጥር 19 ላይ አንድ የቆየ የሲጋር ሱቅ አለ። ሮበርት ሉዊስ የተባለው የትምባሆ ንግድ ቤት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1787 ሲሆን፣ ዛሬ ሱቁ ጄ.ጄ. ፎክስ ይባላል። እንዲህ ያለ ሱቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው ገና በሩ ላይ ልሳኑ ይተሳሰራል። የሳጥኖቹ ስም ስፓኒሽ ነው፣ ዋጋቸው ያስደነግጣል፣ ቀድመውት የገቡት ደንበኞች ደግሞ ሁሉን የሚያውቁ ይመስላሉ። እንዳያፍር ሲል እሱም አዋቂ መስሎ ይቀርባል። መጨረሻ ላይ በጣም ወፍራሙን፣ ወይም ስሙን ፊልም ላይ የሰማውን ገዝቶ ይወጣል።

ጀማሪው «አላውቅም» ማለት ሊያሳፍረው አይገባም። ሻጩም የሚያውቀውን ሁሉ፣ የሚያስደስተውንም የሚያስከፋውንም፣ ሳይደብቅ የመንገር ግዴታ አለበት።

ሲጋሮቹ የሚቀመጡበት ክፍል ሂውሚዶር ይባላል። የአየሩ እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ ገደማ እንዲሆን ተደርጎ ይጠበቃል። ቅጠሉ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ቶሎ እየነደደም አፍ ያቃጥላል። እርጥበት ከበዛበት ይሻግታል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ሲጋሩን እየበሳ የሚበላ ጥንዚዛ ይፈለፈላል። የክፍሉን በር ከፍቶ መቆም ባለሱቁን የሚያስቆጣው ለዚህ ነው። ሲጋርን በጣት መጭመቅና አፍንጫ ላይ ለጥፎ ማሽተትም ነውር ነው፤ ነገ ሌላ ሰው አፉ ውስጥ የሚያደርገው ነገር ነውና። መጠየቅ ግን በየትኛውም ጨዋ ሱቅ ነውር ሆኖ አያውቅም።

ጀማሪን አብዝቶ የሚያሳስተው ቀለም ነው። የጠቆረው ሁሉ ኃይለኛ፣ ፈካ ያለው ሁሉ ለስላሳ ይመስለዋል። ዓይኑ የሚያየው ግን የላዩን መጠቅለያ ቅጠል ብቻ ሲሆን፣ ጉልበቱን በዋናነት የሚወስነው የውስጡ ድብልቅ ነው። ኩባውያን የውስጡን ቅጠል ከተክሉ በተለቀመበት ቦታ ይለዩታል። የታችኛው ቮላዶ እሳቱ እንዳይጠፋ ይረዳል፤ የመካከለኛው ሴኮ መዓዛ ይሰጣል፤ ፀሐይ የጠገበው የላይኛው ሊሄሮ ኃይል ይጨምራል። ስለዚህ ጥሩ ሻጭ ስለ ቀለም ከማውራቱ በፊት «ስንት ደቂቃ አለዎት? ምግብስ ቀምሰዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ፔቲ ኮሮና ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ወደ 18 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋው፣ ቸርችል የሚባለው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለጀማሪ ትልቁን የሚያቀርብ ሻጭ ኪሱን ብቻ ነው ያሰበው።

ዋጋው የሚያስደነግጠው ሰው የእጅ ሥራውን ቢያውቅ ቢያንስ ምክንያቱ ይገባዋል። በሃቫና ቶርሴዶር የሚባሉት ባለሙያዎች ቻቬታ በተባለ ጠፍጣፋ ስለት ቅጠሉን እየቆረጡ አንድ በአንድ በእጃቸው ይጠቀልላሉ። በ1865 ኤል ፊጋሮ በተባለው የሃቫና ፋብሪካ ለእነዚህ ሠራተኞች ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ተቀመጠ። ደመወዙን ሠራተኞቹ ከገዛ ገቢያቸው እያዋጡ ይከፍሉት ነበር፤ እሱም ጋዜጣና ልብ ወለድ ያነብላቸዋል። ፊደል ያልቆጠረው ሠራተኛ ሳይቀር እጁ እየጠቀለለ የዓለምን ወሬና የታላላቅ ደራሲያንን ሥራ በጆሮው ተማረ። ልማዱ ከኩባውያን ስደተኞች ጋር ወደ ፍሎሪዳዋ ታምፓ ተሻገረ። በ1931 የዚያ ከተማ ፋብሪካ ባለቤቶች አንባቢዎቹን ሲያባርሩ ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ። በ1935 የተቋቋመው ሞንቴክሪስቶ የተባለው የኩባ ሲጋርም ስሙን ያገኘው ከአሌክሳንደር ዱማ ልብ ወለድ ነው፤ ያ መጽሐፍ በፋብሪካዎቹ ውስጥ እጅግ ይወደድ እንደነበር ይነገራል። ይህን ሁሉ ሳይሰማ ከሱቁ የሚወጣ ጀማሪ ያሳዝናል። ባንኮኒው ላይ ያለው ዋጋ ከገበሬውም ዕጣ ጋር የተያያዘ ነው። በመስከረም 2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ የኩባን ዋና የትምባሆ አካባቢ ፒናር ዴል ሪዮን ሲመታ ቅጠል የሚደርቅባቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ጎጆዎች አፍርሷል።

ሻጮች በደስታ የሚነግሩት ክፍል እስከዚህ ድረስ ነው።

ጄ.ጄ. ፎክስ ምድር ቤቱ ውስጥ ሙዚየም አለው። ዊንስተን ቸርችል በ1900 የከፈተው የደንበኛ ሒሳብ ትልቅ ኩራቱ ነው፤ ሰውዬው እስከ ዕድሜው ማብቂያ ከዚህ ሱቅ ገዝቷል። በየሲጋር ሱቁም «ቸርችል ሲያጨስ ኖሮ 90 ደርሶ የለ!» የሚል መከራከሪያ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ደርሷል። ግን በዚሁ ለንደን፣ ሃምፕስቴድ ውስጥ፣ በመስከረም 1939 ሲግመንድ ፍሮይድ ሞቷል። በቀን እስከ 20 ሲጋር ያጨስ ነበር። በ1923 አፉ ውስጥ ካንሰር ተገኘበት፣ ከ30 ጊዜ በላይ በቀዶ ጥገና ተሠቃየ፣ የላይኛው መንጋጋው ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ ሲጋሩን ግን መተው አልቻለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ጄኔራል ዩሊሰስ ግራንት ሲጋር ወዳጅ መሆኑን ጋዜጦች ሲያወሩ፣ አድናቂዎቹ በሺዎች የሚቆጠር ሲጋር በስጦታ አጎረፉለት። በ1885 የሞተው በጉሮሮ ካንሰር ነው።

«ጭሱን ካልሳብከው አይጎዳህም» የሚለው ምክርም ጀማሪን ያታልላል። ከሲጋራ ጭስ በተለየ፣ በሲጋር ጭስ ውስጥ ያለው ኒኮቲን በአፍ ሽፋን በኩል በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ሙሉ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። በባዶ ሆዱ እየተቻኮለ ያጨሰ ጀማሪ ራሱን የሚያዞረውና ቀዝቃዛ ላብ የሚያጠምቀው ከዚህ የተነሳ ነው። ሱስ ከሆነበት ደግሞ የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር አደጋ ይከተለዋል።

እንግሊዝ ውስጥ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ሲጋር መሸጥ ይፈቀዳል። የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ግን ዕድሜውን ከፍ አድርጎ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል፤ ሕዝብ በሚገለገልባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስንም እንዲሁ። የእኛ አገሩ ሕግ የተሻለ ነው፣ በጥብቅም ሊከበር ይገባዋል። ከዚህ ዓምድ አንባቢዎች ብዙዎቹ ያደጉት ትምባሆ ነውር በሆነበት ቤት ነው። ዛሬ ግን በውጭ አገር ሠርጎች ሚዜዎች ሲጋር ይዘው ፎቶ ሲነሱ ይታያል። አብዛኞቹ በሕይወታቸው አጭሰው የማያውቁ ወጣቶች ናቸው፤ በዚያ ቀን ደግሞ እህል ሳይቀምሱ የሚውሉ አይጠፉም። ሲጋሩን የሚገዛላቸው ሙሽራ ለሻጩ ጀማሪዎች መሆናቸውን ይንገረው፣ ትንሹን ይምረጥ፣ የፍሮይድንም ታሪክ አይደብቃቸው። የተፈለገው ፎቶው ብቻ ከሆነ ደግሞ መለኮስ አያስፈልግም።