ጀናዛ የሚያጥብ ሰው ያየውን ይደብቃል፤ ሼር የሚያደርገውስ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



አንድ ታዋቂ ሰው፣ መሪም ይሁን ዘፋኝ ወይም ዓሊም፣ ተገደለ ሲባል በየቴሌግራም ግሩፑ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ምንድን ነው? «ኢና ሊላሂ» ከመባሉ በፊት «ቪዲዮው አለ?» ይባላል። ቤተሰቡ ሰምቷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መስጂድ በር ላይ ወጣቶች ደጋግመው ስለሚጠይቁን አቋማችንን በግልጽ እንጻፍ። የታዋቂ ሰው ሞት ዜና ነው፤ ይነገር። ነፍሱ ስትወጣ የሚያሳየው ምስል ግን በቴሌቪዥንም በስልክም መሰራጨት የለበትም፤ ሰውየው የምንወደውም ይሁን የምንጠላው። «የምንጠላው» ያልነው ሆን ብለን ነው። የሚወደውን ሰው ገመና መሸፈንማ ለማን ይከብዳል?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2006፣ ዙልሒጃ 10 ቀን 1427፣ የአረፋ ዕለት ንጋት ላይ ሳዳም ሑሴን ባግዳድ ውስጥ በስቅላት ተገደለ። የኢራቅ መንግሥት ቴሌቪዥን ገመዱ አንገቱ ላይ ሲገባ የሚያሳይ፣ ድምፅ የሌለው ምስል አሳየ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አላሳየም። ብዙም ሳይቆይ በእጅ ስልክ የተቀረጸ ሌላ ቪዲዮ ወጣ። ይኼኛው ድምፅ አለው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩ ሰዎች የሙቅተዳ አል-ሰድርን ስም እየጠሩ ሲሳለቁበት፣ አንዱ ባለሥልጣን ሰውየው ሊሞት ነው፣ እባካችሁ ተዉ ብሎ ሲለምን፣ ሳዳም ሸሃዳ ሲል ይሰማል። ለሁለተኛ ጊዜ ጀምሮት ሳይጨርሰው ወለሉ ከእግሩ ሥር ተከፈተ።

የሳዳምን ግፍ አንክድም። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐለብጃ ላይ በመርዝ ጋዝ ያለቁት ኩርዶች በሺዎች ይቆጠራሉ። ሞት የተፈረደበትም የዱጀይል ከተማ ሰዎችን በማስገደሉ ነበር። ግን ያ ቪዲዮ ለዱጀይል እናቶች ምን ጠቀማቸው? የነሱ የፍትሕ ቀን መሆኑ ቀርቶ፣ ሸሃዳ የሚል ሰው የተሳለቁበት የአረፋ ቀን ተብሎ ቀረ። የግፈኛው ስም በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ከፍ አለ፤ በሱኒና በሺዓ መካከል የነበረው ቁስል ላይ ደግሞ እንጨት ተሰደደበት። ፓኪስታንና አሜሪካ ውስጥ ስቅላቱን አስመስለው ሲጫወቱ የሞቱ ሕፃናት ነበሩ። ለመሆኑ ከዚያ ቪዲዮ የተጠቀመ አንድ ሰው ማን ነው?

ጀናዛ የሚያጥቡ ሰዎች የሚያውቁት ሥርዓት አለ። በሩ ይዘጋል፤ ለእጥበቱ የማያስፈልግ ሰው አይገባም። ከእምብርት እስከ ጉልበት ያለው በጨርቅ ተሸፍኖ፣ አጣቢው እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ከሥር ያጥባል። የሟች ፊት ጠቁሮ ወይም ተጣሞ ቢያይ ወጥቶ አያወራም። ያየውን ለሸሸገ አጣቢ ትልቅ ምሕረት እንዳለው በሐዲስ ተነግሯል። መልካም ነገር ካየ፣ ፊቱ ሲያበራ ካየ፣ እሱን ይናገር። በእኛ እይታ ካሜራ የያዘውም፣ ቪዲዮው ስልኩ ውስጥ የገባለትም ከዚህ አጣቢ የተለየ ቦታ የላቸውም። ሰውየው ራሱን መሸፈን በማይችልበት ሰዓት አይተውታል።

«አላህ የፊርዐውንን ሬሳ ለኋለኞች ምልክት አድርጎት የለም እንዴ? የግፈኛ መጨረሻ ቢታይ ትምህርት ነው» የሚል ወንድም አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በሱረቱ ዩኑስ የተነገረው ግን የሬሳው መትረፍ ነው። ሙፈሲሮች እንደሚያብራሩት ከበኒ ኢስራኢል መሞቱን የተጠራጠሩ ስለነበሩ ሬሳው ወጥቶ እንዲያረጋግጡ ተደረገ። ማረጋገጥና መሳለቅ ይለያያሉ። ክፋቱ በግልጽ የታወቀ ሰው ላይ የታየን መጥፎ ምልክት ለማስጠንቀቂያ መናገርን የፈቀዱ ዑለሞችም አሉ፤ እነሱም ያሉት በቃል መናገርን ነው። ሊቢያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የቀዛፊ ሬሳ ሚስራታ ላይ የሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለቀናት ተጋድሞ ሕዝብ ተሰልፎ ፎቶ አነሳው። ያ ከትምህርት የሚቆጠር አይደለም።

የኡሑድን ዕለት እናስታውስ። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ሐምዛ (ረ.ዐ) ተገድለው ሬሳቸው ተቆራርጦ ነበር። እህታቸው ሶፊያ ወደ ሜዳው ስትመጣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያንን እንዳታይ ፈርተው ልጇ ዙበይር ሮጦ እንዲያስቆማት አደረጉ። እሷ መጀመሪያ ደረቱን ገፍታ ልታልፍ ነበር፤ የረሱል ትእዛዝ መሆኑን ስትሰማ ቆመች፤ ለወንድሟ ከፈን ያመጣቻቸውን ሁለት ጨርቆች ሰጠች። አንዱ አጠገባቸው ለወደቀው፣ ከፈን ላጣው አንሷሪ ሆነ። የቁረይሽን ጭካኔ ለማሳየት ከዚያ ሬሳ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ቀድመው ያሰቡት ለምታየዋ እህት ነው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 ዳዒሽ ሊቢያ ውስጥ የገደላቸውን ክርስቲያን ኢትዮጵያውያን ቪዲዮ ሲለቅ፣ አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር የልጃቸውን ሞት ከዚያው ምስል ያወቁ ቤተሰቦች ነበሩ። እነዚያ ልጆች ታዋቂ አልነበሩም። ታዋቂም ሰው ግን እናት አለው። ዳዒሽ ያንን ቪዲዮ የሠራው እንዲሰራጭለት ነበር፤ ሼር ያደረገ ሁሉ ሥራውን ሠራለት።

ከባዱ ጥያቄ ይኼ ነው፦ ግፍ ቢደበቅስ? የአልጀዚራዋ ጋዜጠኛ ሺሪን አቡ ዓቅላ እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2022 ጄኒን ላይ «ፕሬስ» የሚል ሰደርያ ለብሳ ተገደለች። የእስራኤል ባለሥልጣናት መጀመሪያ የፍልስጤም ታጣቂዎች ጥይት ሊሆን ይችላል አሉ። የቦታው ቪዲዮዎች ተመርምረው የብዙ ሚዲያዎች ማጣራት ወደ እስራኤል ወታደሮች ሲያመለክት፣ ሠራዊቱ በሴፕቴምበር ከራሱ ወታደሮች አንዱ በስሕተት ሳይመታት እንደማይቀር አመነ። ካሜራ ባይኖር ይኼ አይገኝም ነበር። ምስክርነትን መደበቅ በቁርኣን የተከለከለ ነው። ስለዚህ መቅረጽን አንከለክልም፤ የጋዛ ሰዎችም የራሳቸውን ጀናዛ ለዓለም ሲያሳዩ እኛ ከሞቀ ቤታችን ሆነን አንወቅስም። ነገር ግን ተኩሱ ከየት እንደመጣና ሟቿ ምን እንደለበሰች ለማሳየት የሟቿን ፊት በቅርበት ማሳየት፣ ሙዚቃ ማስገባት፣ «ልበ ደካማ አይመልከተው» ብሎ ተመልካች መሰብሰብ አያስፈልግም። መስመሩ አንዳንዴ እንደሚቀጥን እናውቃለን። ሲጠራጠር የሚተው ሰው አይከስርም።

እጃችሁ ላይ ማስረጃ የሚሆን ቪዲዮ ካለ ሳትቆርጡ፣ ሳታስተካክሉ ዋናውን ቅጂ አስቀምጡና ለቤተሰቡ ጠበቃ ወይም እንደ ኢሰመኮ ላለ መርማሪ አካል ስጡ። ቴሌግራማችሁ ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዝጉት፤ ስልካችሁን ታናናሾቻችሁም ይነካካሉ። በዚህ ገጽ ኮሜንት ላይ የሟች ምስል የሚለጥፍ ሰው ካለ፣ ሟቹ ማንም ይሁን ማን፣ እናነሳዋለን። በሐሳባችን የማይስማማ ኮሜንት ላይ ይጻፍልን፤ ከመግሪብ በኋላም መስጂድ እንገኛለን።