የጅቡቲው ባቡር ለማን ተዘረጋ?

እንደሚታወቀው አፄ ምኒልክ ከጅቡቲ ባቡር እንዲዘረጋ የፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። በ1902 ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ስለነበር የፈረንሳይ መንግሥት እጁን አስገባ፤ ንጉሡም ተቆጡ። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ስለ አገሪቱና ስለ ሐዲዱ ተዋዋሉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነበር።

በ1936 የጣሊያን ጦር ሲቃረብ አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ በመርከብ ሐይፋ፣ ከዚያም በባቡር ኢየሩሳሌም ገቡ። በ1977 በኦጋዴን ጦርነት የሶማሊያ ጦር መስመሩን ቆረጠው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመርም በአብዛኛው በቻይና ብድር የተሠራ ነው።

እዚህ ነቬ ሐይም በራኬቬት የሚመላለሱ ልጆቻችን «ባቡር ከነበረ ለምን በእግራችሁ ሱዳን ሄዳችሁ?» ይሉናል። ሐዲዱ የተዘረጋው ዕቃን ከወደብ ለማገናኘት እንጂ ለጎንደር መንደሮች ታስቦ አልነበረም። አቅጣጫውን የወሰኑት ሥልጣንና ገንዘብ የነበራቸው ናቸው። እኛም በከተማችን መንገድ ወይም ትምህርት ቤት ሲታቀድ ስብሰባው ላይ ተገኝተን «ለማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ዝም ላለ ሠፈር ጣቢያ አይሠራለትም እንላለን።