ለተከዜ ልጆች አሠልጣኝ

የአማራ ክልሉ ዋግ ኽምራ ዞን ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ድርቅ ነው። የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የገባው ቃል እንኳ ስሙን የወሰደው ከዞኑ ከተማ ከሰቆጣ ነው። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ውሃ ከያዘ ወዲህ ግን የዞኑ የአበርገሌና የዝቋላ ወረዳ ወጣቶች በጀልባ እየወጡ፣ መረብ እየጣሉ፣ ቆሮሶና አምባዛ ያጠምዳሉ።

የወንዝ ዳር ልጅ ዋናን የሚማረው ከጓደኛው ነው። አንገቱን ቀና አድርጎ ውሃውን በእጁ እየደበደበ ይሄዳል። ጉልበት አያንሰውም። ጭንቅላት ቀና ባለ ቁጥር ግን ዳሌ ይሰምጣል፣ እግር ይጎተታል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ አየር ማስወጣት፣ ለመተንፈስ ወደ ጎን መዞር፣ እግርን ከጉልበት ሳይሆን ከዳሌ መምታት፦ ይህን የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። ጀልባ የተገለበጠ ቀን የሚተርፈው ይህን ያወቀ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስ በሪዮ ኦሊምፒክ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ መጨረሻ ሲወጣ ዓለም ተሳለቀበት፤ ከእኛም የሳቀ ብዙ ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አገሪቱ ስንት የተማረ የዋና አሠልጣኝ አላት ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

የተማረ አሠልጣኝ ምን እንደሚያደርግ አሜሪካዊው ጄምስ ካውንስልማን ያሳየናል። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዋና ቡድን አምበል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብርሮ ሲመለስ ትምህርቱን እስከ ዶክትሬት ገፋበት። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሆኖም ዋናተኞቹን ከውሃ በታች በፊልም እየቀረጸ አጠና፤ የጎበዞቹ እጅ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ እንደማይሄድ፣ እየተጠማዘዘ እንደሚቀዝፍ አስተዋለ። በእሱ እጅ የሠለጠነው ማርክ ስፒትዝ በ1972 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ 7 ወርቅ ወሰደ።

ተምሮ የሚያሠለጥን ሰው ምን እንደሚያመጣ እኛም በሩጫ አይተነዋል። ኃይሌንና ደራርቱን ያሠለጠኑት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ሃንጋሪ ተምረው የተመለሱ ናቸው።

ስለዚህ ከአጥማጆቹ መንደር በትምህርታቸው የበረቱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይመረጡ። ስፖርት ሳይንስ ተምረው፣ በዋና ሠልጥነው ይመለሱ፤ ልጆቹን በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣኛ ያስተምሩ። ተከዜ አዞ አለበትና ልምምዱ በክፍት ውሃ አይሁን። ሰቆጣ ከተማም ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ለገንዳ አታውል። ባለ 25 ሜትር ገንዳ ቆላው ላይ፣ ከግድቡ ሐይቅ አጠገብ ይሠራ፤ ወጪው ለዞኑ ይከብድ ይሆናል፣ ለክልሉ ግን አይከብድም።