ስማቸው ያልተጠራ ልጆች

ሰኔ ሲገባደድ፣ እንደ ሌላው የሀገራችን ክፍል ሁሉ፣ በጉንችሬም ወላጆች በትምህርት ቤት ግቢ ይሰበሰባሉ። ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡ ልጆች ስም ይጠራል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ፤ እናቶች እልል ይላሉ። መልካም ነው፤ የደከመ ልጅ ይሸለም። ነገር ግን በአንድ ክፍል 60 ልጆች ቢኖሩ 57ቱ አጨብጭበው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ 6ኛ ክፍልን እስኪጨርሱ ስማቸው በሰው ፊት በመልካም አንድ ቀን እንኳ ሳይጠራ ይቀራል። የሚጠራው ሲያረፍዱ ወይም ሲረብሹ ብቻ ነው።

ወገኖች ሆይ፣ በእነዚህ ልጆች ውስጥ ያለውን ነገር ማርክ አይለካውም። የክፍል አለቃ ሆኖ የረባሾችን ስም ሲጽፍ የጓደኛውን ስም የማይዘልል፣ የተጣላውንም ልጅ ያለ ጥፋቱ የማይጽፍ ልጅ አለ። የሚንተባተብ ልጅ ሲያነብ ክፍሉ ሲስቅ፣ «ተዉት፣ ይጨርስ» የምትል ልጅ አለች። ጎህ ሳይቀድ ውኃ ቀድታ፣ ታናናሾቿን አብልታ፣ አንድ ቀን ሳትቀር የምትማር አለች። መሬት ወድቆ ያገኘውን ብር ለመምህሩ የሚሰጥ አለ። ድፍረት፣ መሪነትና ታማኝነት የምንላቸው እነዚህ ናቸው። በልጅነት ካልታዩና ካልተመሰገኑ፣ ልጁ ራሱ ዋጋ እንደሌላቸው ቆጥሮ ይተዋቸዋል።

ውጤት ብቻ ሲከበር ምን እንደሚሆን ሀገራችን አይታለች። ፈተና በመሰረቁና ኩረጃ በመስፋፋቱ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለው፤ የመጻሕፍት እጥረት አለ፤ የመምህራን ኑሮም ከባድ ነው። ነገር ግን ከታች ክፍል ጀምሮ «ስንት አመጣህ?» እንጂ «እንዴት አመጣኸው?» ብለን ያልጠየቅን ወላጆችም ድርሻ አለን። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ተመልሷል፤ ደስ ይላል። ሆኖም «መስረቅ መጥፎ ነው» የሚለውን መልስ ከጎኑ ኮርጆ ሙሉ ማርክ የሚያገኝ ልጅ ሊኖር ይችላል። ባሕርይ በወረቀት ብቻ አይፈተንም።

ቃሉ በዚህ ነገር ግልጽ ነው። በ1ኛ ሳሙኤል 16 ሰባት የእሴይ ልጆች በነቢዩ ፊት ሲያልፉ ስምንተኛውን የጠራው አልነበረም፤ ከበጎች ጋር ነበር። ነቢዩ ራሱ በቁመትና በመልክ ሊመርጥ ነበር፤ እግዚአብሔር ግን የሚያየው ልብን ነው። በ2ኛ ነገሥት 5 ደግሞ ተማርካ ከሀገሯ የተወሰደች ትንሽ ብላቴና አለች። ጌታዋ ንዕማን በለምጽ ሲሠቃይ ዝም ብትል ማን ይፈርድባታል? እርሷ ግን የሚፈወስበትን መንገድ ተናገረች። የልጅቱ ስም አልተጻፈም፤ መልካምነቷና ድፍረቷ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

የሰባት ቤት ጉራጌ ሕዝብም ድፍረትን ማክበር ያውቃል። የቃቄ ወርድወት በ19ኛው መቶ ዘመን በሽማግሌዎች ፊት ቆማ ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት ተሟገተች። ዛሬም ስሟ የሚነሣው በየትኛውም ክፍል 1ኛ ስለወጣች አይደለም።

አንዳንድ ቅዱሳን «ልጅን በሰው ፊት ማመስገን ትዕቢት አያመጣም ወይ? ጌታስ ጽድቃችሁን በሰው ፊት አታድርጉ አላለም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጌታ በማቴዎስ 6 የከለከለው ለመታየት ብሎ መልካም ማድረግን ነው፤ የሌላውን መልካምነት አይቶ ማመስገንን አይደለም። ጳውሎስ በሮሜ 16 የብዙ ሰዎችን ስም እየጠራ የአንዳንዶቹን ድካምና መልካም ሥራ ይመሰክራል። ትዕቢት የሚመጣው «አንተ ከሌሎች ትበልጣለህ» ስንል ነው። «ትናንት ለጓደኛህ እውነቱን ስትመሰክርለት አየንህ፤ ጌታን አመሰገንን» ስንል ግን ልጁ የሚያስታውሰው ያደረገውን መልካም ሥራ ነው።

ስለዚህ የምንመክረው ቀላል ነው። መምህራን በሳምንት አንድ ቀን፣ በጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ፣ የአንድን ልጅ መልካም ሥራ በስሙ ይናገሩ። ደረጃ አይስጡት፤ 1ኛ፣ 2ኛ አይበሉት። በአንድ ወንበር የሚቀመጡት የሙስሊሙ፣ የኦርቶዶክሱ፣ የካቶሊኩና የእኛ ልጆች ናቸውና ምስጋናው ለሁሉም እኩል ይሁን። ወላጆች የፈተና ውጤት ሲቀበሉ ከማርኩ በፊት «ዘንድሮ ማንን ረዳህ?» ብለው ይጠይቁ። በየቤተ ክርስቲያናችን የልጆች አገልግሎትም ጥቅስ በቃሉ ለያዘ ብቻ ስጦታ መስጠት ይብቃን፤ ጥቅሱን ለኖረውም እናጨብጭብለት።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አንርሳ። በማቴዎስ 3 አብ በልጁ ደስ መሰኘቱን ከሰማይ የተናገረው ጌታ ገና አንድ ተአምር ሳያደርግ፣ አገልግሎቱንም ሳይጀምር ነበር። ፍቅሩ ቀደመ፤ ሥራው ተከተለ። ወንጌሉም ይኸው ነው፤ ይህን ጽሑፍ የምታነብቡ፣ ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁም ይህን ስሙ። እግዚአብሔር የሚወድደን ደረጃ ስላገኘን አይደለም። እንደ ተወደደ የሚያውቅ ልጅ ለመደፈር አቅም ያገኛል፤ ቢወድቅም ይነሣል።

እንሰትን የሚተክል ሁሉ ያውቃል፤ ተተክሎ በዓመቱ አይበላም። ከቦታ ቦታ እየተዛወረ፣ ፍግ እየተጨመረለት፣ ዓመታት ይጠብቃል። የልጅ ባሕርይም እንዲሁ ነው። ዛሬ የምንናገራት አንዲት የምስጋና ቃል ፍሬዋን ወዲያው ላናይ እንችላለን። ቢሆንም እንናገራት፤ የሚያሳድግ እግዚአብሔር ነው። ጌታ ልጆቻችንን ይባርክ።