ለቅዳሜ ማታ ቀጠሮ የሚሆን ሸሚዝ

አንዲት እናት በቤታቸው ስለ ደረሰው ጠብ ምክር ጠይቀውናል። ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን የብዙ ቤት ስለ ሆነ፣ ለሁሉም ይጠቅም ዘንድ መልሱን እዚህ ላይ ልናቀርበው ወደድን።

የእኒህ እናት ልጅ ዕድሜዋ 23 ዓመት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። አንድ ጨዋ ወጣት ሊያገባት አስቦ፣ ወላጆቿም ይህንኑ አውቀው፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ጠባይ ለጠባይ ይተዋወቁ ዘንድ በቅዳሜ ማታ እራት ሊጋብዛት ቀጠሮ ያዙ። ልጅቱ ግን ለዚህ ቀን የሚሆን ሸሚዝ የለኝም ብላ ከጓደኛዋ ገንዘብ ተበደረች፤ የወር ደመወዟን ሲሶ የሚያህል ከፍላም ደረቱ የጠበበ፣ ጨርቁም ስስ ሆኖ ገላ የሚያሳይ ሸሚዝ ገዝታ መጣች። እናት፣ «ይህን ለብሰሽ ከቤቴ አትወጪም» አሉ። ልጅም፣ «እንግዲያውስ እቀራለሁ» አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ከአንድ ገበታ ቀርበው ሳይነጋገሩ በሉ፤ ቀጠሮውም ወደሚመጣው ወር ተላለፈ። እናትየዋ፣ «ጥፋቱ የማን ነው?» ሲሉ ይጠይቁናል።

የተከበሩ እናት፤ ልጅዎ አምሮብኝ ልታይ ማለቷ ጥፋት አይደለም። ሰው በክብር ሲጋብዘን ተሰናድቶ መገኘት ጋባዡን ማክበር ነው። እርስዎም ስለ ልጅዎ ክብር መጨነቅዎ የእናት ወግ ነው። ይሁን እንጂ እርስዎ ስለ ጨዋነት፣ እርሷ ስለ ውበት ስትከራከሩ፣ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረበትን ሳትጠይቁ ቀርታችኋል፤ ይኸውም «ይህ ሸሚዝ በእርግጥ ለእርሷ ልክ ነውን?» የሚለው ነው። በልኩ ያልሆነ ልብስ ጨዋም አያደርግ፣ ውብም አያደርግ።

ዛሬ ልጆቻችን ልብስ የሚመርጡት በስልክ ላይ ካዩት ሥዕል ነው። ነገር ግን ለማስታወቂያ ፎቶግራፍ ሲነሣ ልብሱ በለባሺቱ ላይ እንዲያምር ብዙ ጊዜ ከጀርባዋ በመርፌ ወይም በመቆንጠጫ ተሰብስቦ ይያዛል። ስለዚህ መመዘን የሚገባው በሙሉ መስታወት ፊት፣ በራስ ገላ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ትከሻው ይታይ። የእጅጌው መጋጠሚያ ስፌት በትከሻ አጥንት ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት። ወደ ክንድ ከወረደ ሸሚዙ ሰፊ ነው፤ ወደ አንገት ከተሳበም ጠባብ ነው። ደረትና ወገብ በስፌት ሊስተካከሉ ይችላሉ፤ ትከሻን ማስተካከል ግን ለልብስ ሰፊ እንኳ አስቸጋሪ ነው። ቀጥሎ ልጅቱ ትቀመጥ፤ ክንዷንም ወደ ፊት ትዘርጋ። በቁልፎቹ መካከል ጨርቁ አፉን ከከፈተ ወይም በደረት ላይ እጥፋቱ ወደ ጎን ከተወጠረ፣ ያ ሸሚዝ ማታውን ሙሉ እጇን ከቁልፉ ላይ ሳታነሣ እንድታመሽ ያደርጋታል። እንደዚህ የምትጨነቅ ልጅ ደግሞ ጨዋታ አይሆንላትም፤ ሊያገባት የሚያስብ ሰውም ጠባይዋን ሳያውቅ ይመለሳል።

ሁለተኛው የአንገቱ ቅርጽ ነው። ፊቷ ክብ፣ አንገቷም አጠር ያለ እንደ ሆነ፣ ወደ ታች ሾጠጥ ያለ አንገት ወይም መጠነኛ ክፍት ኮሌታ አንገቷን ያስረዝመዋል። አንገተ ረጅምና ፊተ ቀጭን ለሆነችው ግን ክብ ወይም ከፍ ያለ አንገት ይስማማታል። ትከሻዋ ጠበብ ያለ በትከሻው ላይ ሽብሽብ ያለ እጅጌ ብትለብስ ያምርባታል፤ ትከሻዋ ሰፊ የሆነች ግን ይህንኑ ትተወው። ደረቷ ሞላ ያለም በደረት ላይ ኪስና ሽብሽብ ያልበዛበት ለስላሳ ሸሚዝ ትምረጥ። የሸሚዙ ጫፍ በዳሌ ሰፊ ቦታ ላይ ካበቃ ዐይን እዚያው ላይ ያርፋልና፣ ዳሌዋ እንዳይጎላ የምትሻ ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እንዲያበቃ ታድርግ።

ሦስተኛው ጨርቁ ነው። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ ለገላም ይመቻል፤ ነገር ግን ሲታጠብ ሊያጥር ይችላልና ለልብስ ሰፊ ከመስጠት በፊት ውኃ ማስነካት ይገባል። በ1941 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በእንግሊዝ አገር የተፈለሰፈው ፖሊስተር አይጨማደድም፤ ቶሎም ይደርቃል። ላብ ግን ስለማይመጥጥ ሰው በበዛበት ቤት ያፍናል፤ ሽታም ይይዛል። ሐር ውብ ነው፤ ሆኖም ጠብታ ውኃ እንኳ ምልክት ሊተውበት ስለሚችል ለእራት ግብዣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጨርቁ የሚያሳይ መሆኑን ለማወቅ እጅን ከውስጥ አስገብቶ በመስኮት ብርሃን ማየት ይበቃል፤ ጣት ከታየ ገላም ይታያል።

አራተኛው ቀለሙ ነው። የሱቅ መብራት ቀለምን ስለሚለውጥ ሸሚዙን ወደ በር አውጥቶ፣ ከፊት አጠገብ አድርጎ በቀን ብርሃን መመልከት ያስፈልጋል። ፊትን ፈካ የሚያደርገው ይወሰድ፤ የሚያጠወልገው፣ የቱንም ያህል የዘመኑ ቀለም ቢሆን፣ ይቅር። በማታ በደበዘዘ መብራት ጥቁር ሰማያዊ ጥቁር መስሎ ይታያል፤ በአንገት አካባቢ ያለ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ግን ፊትን ያበራል።

አምስተኛው እጅጌው ነው፤ ይህንንም ብዙዎች ይረሱታል። የእኛ እራት በእጅ የሚበላ ነው። ሰፊና ተንጠልጣይ እጅጌ ከወጡ ይነከራል፤ እጅ ሲታጠቡም ይርሳል። ስለዚህ እስከ ክርን በታች የሚደርስ ወይም ሊጠቀለል የሚችል እጅጌ ይሻላል። ጉርሻ ለማጉረስ እጅ ሲነሣም ሸሚዙ ከጉርድ ቀሚሱ እንዳይወጣ ርዝመቱን አስቀድሞ መፈተን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናትና ማታ ይበርዳል፤ ነጠላ ወይም ሹራብ መያዝ አይረሳ።

ዋጋውን በሚመለከት፣ ልጅቱ ከሽሮ ሜዳ በእጅ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ ገዝታ፣ በአንገቱና በእጅጌው ጫፍ ብቻ ቀጭን ጥበብ ያለበት ሸሚዝ በልኳ ብታሰፋና ከአንድ ቀለም ጉርድ ቀሚስ ጋር ብትለብሰው፣ ለእራትም ለዘመድ ጥየቃም ይሆናታል። አንድ ጊዜ ብቻ ከሚለበስ ሸሚዝ ደጋግሞ የሚለበስ ሸሚዝ ይረክሳል።

እንግዲህ ተገዝቶ ስለ መጣው ሸሚዝ ምን ይደረግ? ሱቁ የሚመልስ ከሆነ ይመለስ፤ ገንዘቡም ለጓደኛዋ ይከፈል። የማይመልስ ከሆነ ደግሞ የጎኑን ስፌት ከውስጥ ገልብጣችሁ እዩት። ትርፍ ጨርቅ ካለው ልብስ ሰፊ ሊያሰፋው ይችላል፤ ስስነቱም ገበር ቢገባለት ወይም ከሥር ውስጥ ልብስ ቢደረግበት ይሸፈናል። ዕዳውን ግን ከቀጠሮው በፊት ትክፈል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላልና፣ በብድር የተዋበች ልጅ ያላትን ሳይሆን የሌላትን አሳይታ ትጀምራለች። ነገ አብረው ኑሮ ሲመሠርቱ ደግሞ ገንዘብ እንዴት እንደምትይዝ እርሱ ማየቱ አይቀርም።

የተከበሩ እናት፤ «አትወጪም» ከማለት ይልቅ ከልጅዎ ጋር መስታወት ፊት ይቁሙ። የሚያምርባትን «አምሮብሻል» ይበሏት፤ የማያምርባትንም ምክንያቱን አስረድተው ይንገሯት። ከእናቷ አፍ ምስጋና የሰማች ልጅ ምስጋና ፍለጋ ሸሚዟን አታጠብም። አንቺም ልጄ፤ እናትሽ ያዩት ጨርቁን ብቻ አይደለም፤ ከቤታቸው የምትወጪበትን ቀን መቅረብ ነው። ዛሬ ማታ ገበታው ሲቀርብ የመጀመሪያውን ቃል አንቺ ተናገሪ፤ ከዚያም ሸሚዙን አብራችሁ ምረጡ።